ለሙሽራ መኪና ፖምፓ ስንመርጥ

ጋራዡ ውስጥ ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ነው። በሩ ላይ የተቀበለኝ የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ዘለቀ ነበር። ቀድሞ የስፖርት መምህር ስለነበር ፊሽካው አሁንም አንገቱ ላይ ነበር። ግቢውን ከማሳየቱ በፊት የሥልጣን ክፍፍሉን ነገረኝ።

"እኔ ሊቀመንበር ነኝ። ስምዖን ጸሐፊ ነው። ገንዘብ ያዥና ተቆጣጣሪም አለን፤ ዛሬ ሥልጠና ላይ ናቸው። አንቺ ደግሞ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነሽ፣ የአብርሃም እናት።"

"መኪና የሚሠራውስ ማነው?" አልኩት።

ከአንድ ሚኒባስ ሥር የወጡ ሁለት እግሮችን በጣቱ አሳየኝ። "ባሳ ነው። ምርጫው ሲካሄድ መኪና ሥር ስለነበር ሥልጣን አልደረሰውም።"

እግሮቹ ተንቀሳቀሱ። ከሥር አንድ ድምፅ "እንኳን ደህና መጣሽ" አለኝ።

ያ ዘመን የመደራጀት ዘመን ነበር። ሶዶ ውስጥ ብሎኬት የሚያመርተውም፣ ዶሮ የሚያረባውም፣ ጎማ የሚጠግነውም በማኅበር ነበር። እነዘለቀ ሲደራጁ "ያለ ሴት አባል አይሆንም" ተባሉና ሴት ፍለጋ ወጡ። እኔን ያገኙኝ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ዓመት አልሞላም፤ ሦስት ልጆች በእጄ ነበሩ። ለምን እንደተፈለግሁ አልጠየቅሁም። ጌታን አመሰገንኩና የመጋዘኑን ቁልፍ ተቀበልኩ።

የመጋዘን ሥራ ከወጥ ቤት ሥራ ብዙም አይለይም። ሁሉም ነገር ቦታ አለው፤ ቦታውን ካጣ ጠፍቷል ማለት ነው። የሞተር ማሸጊያውን፣ ጓርኒሲዮኑን፣ በሞተር ዓይነት ለየሁ። ሞተር ውስጥ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ በሳጥን አደረግሁ። ባሳ ግን ዕቃ ሲፈልግ ስም አይጠራም፤ "ያቺን ክቧን፣ ከንፈሯ ወጣ ያለውን" ይላል። ከንፈር ያላት የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

ዓርብ ከሰዓት ግምገማ ነበር። እያንዳንዱ ሰው ጥንካሬውንና ድክመቱን ይናገራል። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ጡሩንባ ቢነፋም ግምገማ አይቋረጥም። የባሳ ተራ ሲደርስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ጥንካሬዬ መኪና መሥራቴ፣ ድክመቴ ግምገማ ላይ እንቅልፍ መውሰዱ።" አቶ ዘለቀ ይህን ግልጽነት ያደንቅ ነበር። የተሻለ ነገር ስለማይገኝ ለሌሎቻችንም ምሳሌ አድርጎ ያነሳው ነበር።

የጋራዡ እንጀራ አቶ ዳና ነው። በዴሳ ከተማ ላይ እህል ይነግዳል፤ ቤቱ ግን ሶዶ ነው። ሦስት አይሱዙዎቹ እኛ ጋ ነበር የሚጠገኑት። እነሱ ባይመጡ የሚተርፈን ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ተቆጣጣሪ ነበር።

አቶ ዳና ከአይሱዙዎቹ ሌላ አንዲት ቀይ መኪና ነበረችው። ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ አዲስ አበባ ላይ ገዝቷት ነው። አሮጌ አሜሪካን ሠራሽ ናት፤ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር። አፍንጫዋ ከመርዘሟ የተነሳ መስቀለኛ መንገድ ላይ ስትታጠፍ መጀመሪያ ኮፈኗ ይደርሳል፣ ቆይቶ አቶ ዳና ይደርሳል። ስትነሳ የገበያ ፍየል ይበረግግ ነበር። ለምን እንደገዛት ሲጠየቅ "ለልጄ ሠርግ" ይላል። ልጁ ምሕረት ያኔ ገና አልታጨችም ነበር።

ታጨች። ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቀይዋ መኪና ወደ ጋራዡ ገባች፤ በአይሱዙ እየተጎተተች።

"ሳሮ፣ ሳሮ!" ብሎ አቶ ዳና በወላይትኛ ሰላም እያለ ሁላችንንም ጨበጠን። ከዚያ ፊቱን ቀየረው። "በዴሳ ሁሉ ያውቃል። ምሕረት በዚህች መኪና ነው ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ብዬ ተናግሬያለሁ። አሁን እምቢ አለችኝ። ትነሳና ትጠፋለች።"

"እንሠራታለን" አለ አቶ ዘለቀ።

"ብትሠሯት ጥሩ። ቅዳሜ ሰው ፊት ካዋረዳችሁኝ ግን አይሱዙዎቼን ሌላ ጋራዥ አቆማለሁ። ሦስቱንም።"

ሦስት አይሱዙ፣ ሦስት ልጅ። ሌላ ሒሳብ አላስፈለገኝም። በልቤ ጸለይኩና ባሳ የሚፈልገውን ጨርቅ ላቀብለው ሄድኩ።

ባሳ ከሞተሩ ጎን በሁለት ቡሎን የተያዘውን የቤንዚን ፖምፓ ፈታው። የኤሌክትሪክ አይደለም፤ ሞተሩ ራሱ ነው የሚያሠራው። ክንድ አለው። ሞተሩ ሲዞር ክንዱን ይገፋዋል። ክንዱ ፖምፓው ውስጥ ያለውን ስስ ላስቲክ ሲስብ ቤንዚን ከታንከሩ ይመጣል። ከዚያ ውስጡ ያለው ሞላ ላስቲኩን መልሶ ሲገፋው ቤንዚኑ ከአየር ጋር ወደሚቀላቅለው ካርቡራተር ይሄዳል። ሞላው ጠንካራ ከሆነ በኃይል ይገፋል፤ ለስላሳ ከሆነ በቀስታ። የዚህኛው ላስቲክ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ነበር።

"ይሄ ሞቷል" አለ ባሳ። "ሌላ እንፈልግ።"

ባሳ አዲስ አበባ ሄዶ ሁለት ፖምፓ ይዞ መጣ። አንዱ የአሮጌው ወንድም ነው፤ ትንሽ፣ ደብዛዛ፣ ሻጩ ከመደርደሪያ ጥግ አቧራውን አራግፎ የሰጠው። ሌላው የጭነት መኪና ፖምፓ ነው፤ ትልቅ ነው፣ ክንዱ ግን አይገጥምም። ባሳ ያመጣው ሻጩ መርቆ ስለሰጠው ብቻ ነው። ሦስተኛው ከውጭ አገር መጣ። የአቶ ዳና የወንድም ልጅ ለሠርጉ ሲመጣ በሻንጣው ይዞት ነበር። ለእሽቅድምድም መኪና የተሠራ ነው አለን። እንደ ብር ያበራል። ለሠርግ ስጦታ ፖምፓ ያመጣ ሰው ያኔ ነው ያየሁት።

ሦስቱን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። አቶ ዘለቀ ፊሽካውን ነፍቶ ስብሰባ ጠራ።

"አጀንዳችን አንድ ነው፤ ፖምፓ መምረጥ። በመጀመሪያ የጭነቱ ይገምገም።"

"ክንዱ አይደርስም" አለ ባሳ።

"አቅሙን ብንገነባውስ?" አለ ስምዖን። ከሥልጠና የተመለሰው ከትናንት ወዲያ ነበር።

"ክንድ ነው፣ ስምዖን። ብረት ነው።"

የጭነቱ ወደቀ። ቀጥሎ ትንሹ ቀረበ። ስምዖን አገላብጦ አየውና "ይሄ ዝቅተኛ ፈጻሚ ይመስለኛል" አለ። ባሳ በግፊት መለኪያ ሲፈትነው ቀስቱ ትንሽ ተነስቶ ቆመ። የሚያበራው ሲፈተን ግን ቀስቱ ዘሎ ሄደ። አቶ ዘለቀ ከወንበሩ ተነሳ።

"ዕድገት ማለት ይሄ ነው! ባሳ፣ አንተ ምን ትላለህ?"

ባሳ የሚያበራውን ፖምፓ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። እንዲህ ያለ የጠራ ዕቃ እጁ ገብቶ አያውቅም። "እኔ ምን እላለሁ" አለ፣ "እዩትማ።"

"የሚደግፍ?"

ሁሉም እጁን አወጣ። ባሳ ፖምፓውን ላለማስቀመጥ ከነፖምፓው ሁለት እጁን አወጣ።

"የሚቃወም? ድምፀ ተዓቅቦ? የለም። በሙሉ ድምፅ ተመርጧል።"

ስምዖን ቃለ ጉባኤ ጻፈ፤ እኔ ሁለቱን የወደቁትን ወደ መደርደሪያ መለስኩ። ካርቡራተሩን ማንም አልጠየቀውም።

ሐሙስ ዕለት ባሳ ፖምፓውን ገጠመ። ቀይዋ መኪና በመጀመሪያው ተነሳች። አቶ ዘለቀና ባሳ በበዴሳ መንገድ ሊፈትኗት ወጡ። እኔንም ጋበዙኝ፤ ልጆች እንዳሉኝ አስታወስኳቸው። ሲመለሱ የአቶ ዘለቀ ፀጉር ወደ ኋላ ተኝቶ ነበር።

"ሚኒባስ ሁሉ አለፍን! ዳገቱን እንደ ሜዳ ነው የወጣችው! ስምዖን፣ ሪፖርት ጻፍ፤ መቶ በመቶ ተሳክቷል።"

ያን ጊዜ ምሕረት በር ላይ ቆማ ነበር። ዲምቱ ላይ አስተማሪ ናት፤ ዝምተኛ ልጅ ናት። የኋላ ወንበሩ ቀሚሷን ይችል እንደሆነ ለማየት ነው የመጣችው። በዓይኗ ለክታ ጨረሰችና ባሳን ጠየቀችው።

"ጋሼ፣ በዝግታስ ፈትናችኋታል?"

"ምን ለማለት ነው?"

"መዘምራኑ በእግር ነው ከፊት የሚሄዱት። ከአደባባዩ እስከ ቤተ ክርስቲያን። የሚዘምሩት መዝሙር ብቻ ዐሥር ቁጥር አለው፤ አዝማቹን ደግሞ ይደጋግሙታል።"

አቶ ዘለቀ ሳቀ። "ልጄ፣ ሚኒባስ ያለፈች መኪና እርምጃ ያቅታታል? አንቺ ስለ ቀሚስሽ አስቢ፤ ሞተሩን ለእኛ ተይ።"

"እሺ ጋሼ" ብላ ሄደች። በእኛ አገር ሙሽራ በሠርጓ ሳምንት አትከራከርም።

ቅዳሜ ደረሰ። ባሳ ኮት ለብሶ ራሱ ሊነዳ ተቀመጠ። ፊቱ ቤተ ክርስቲያን ከሚጠብቀው ሙሽራ ፊት ይበልጥ ያበራ ነበር። ምሕረት ከኋላ ከሚዜዋ ጋር ገባች። አቶ ዳና በሌላ መኪና ተከተለ። መዘምራኑ ነጭና ሰማያዊ ለብሰው ከፊት ተሰለፉ። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ከመኪናዋ ጎን እሄድ ነበር።

የመዘምራኑ መሪ የማይቸኩል ሰው ነው። አንድ እርምጃ፣ አንድ ቃል። ቀይዋ መኪና ከኋላው ትንፏቀቃለች። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ከጭስ ማውጫዋ ጥቁር ጭስ ወጣ። አራተኛው ላይ መንዘፍዘፍ ጀመረች። ባሳ እንዳትጠፋበት ነዳጅ ረገጠ። ድምፁ መዝሙሩን ዋጠው።

መሪው ዞር ብሎ በዓይኑ ቆነጠጠውና መዘምራኑን "ከፍ አድርጉ!" አላቸው። ከፍ አደረጉ። መኪናዋ መንዘፍዘፍ ስትጀምር ባሳም ከፍ አደረገ። እነሱ እንደገና ከፍ አደረጉ። የመንገዱ ዳር ሕዝብ ይህ ልምምድ የተደረገበት ነገር መስሎት አጨበጨበ። ባሳ ሲረግጥ ትሻላለች፤ ሲለቅ ይብስባታል። መሪው ደግሞ አዝማቹን ሊያስደግም ቆመ።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። ካርቡራተር ውስጥ አንዲት ትንሽ መርፌ አለች፤ ቤንዚን ሲበቃ መግቢያውን ትዘጋለች። መኪና ሲሮጥ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ስለሚጠጣ መርፌዋ አትጨነቅም። መኪና ሲንፏቀቅ ግን ሞተሩ የሚጠጣው ጥቂት ነው። ያ የተመረጠው ፖምፓ ግን መግፋቱን አላቆመም። መርፌዋ አልቻለችውም። ቤንዚኑ ሞልቶ በካርቡራተሩ ጎን ወደ ጋለው ሞተር ይፈስ ጀመር።

ይህን ሁሉ ያወቅነው በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት እኔ ያወቅሁት ሽታውን ነው። ጎንበስ ስል ከኮፈኑ ሥር መሬት ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

መስኮቱን መታሁት። "ባሳ፣ አጥፋት!"

"ካጠፋኋት አትነሳም! አይሱዙዎቹን አስቢ!"

"አጥፋት አልኩህ! ልጅ ይዘሃል!"

አጠፋት። የኋላውን ሰው ለማውጣት በዚያች መኪና የፊቱ ወንበር መታጠፍ አለበት። አጠፍኩት። "ውረጂ ልጄ።"

"ቀሚሴ መሬት ይነካል፣ እማዬ።"

"ቀሚሱን እኔ እይዘዋለሁ። ውረጂ።"

ሚዜዋም ተከትላ ወረደች። ባሳ ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪውን ነቀለ፤ ወጣቶች ከመንገድ ዳር አፈር በእጃቸው አምጥተው የፈሰሰው ላይ በተኑ። አንዲትም የእሳት ብልጭታ አልታየችም። ጌታ ይመስገን። ይህን ዛሬም የምለው ከአፍ አይደለም።

መዘምራኑ ይህን ሁሉ አላዩም። ከኋላቸው ያ ጩኸት መቆሙ ብቻ ደስ ብሏቸው ቀጠሉ። ምሕረት የቀሚሷን ጫፍ ለእኔና ለሚዜዋ ሰጠችና በእግሯ ተከተለቻቸው። አንዲት ሴት እልል አለች። ከዚያ መንገዱ ሁሉ እልል አለ።

አቶ ዳና ከኋላ እየሮጠ መጣ። "ማነው ያወረዳት? ምን ሆነ?" ከማለቱ አንድ ሽማግሌ እጁን ያዘው።

"ዳና፣ እግዚአብሔር ይባርክህ። ያን የመሰለ መኪና እያለህ ልጅህን እንደ ደሃ ልጅ በእግሯ ወደ ጌታ ቤት አመጣሃት።"

አቶ ዳና ወደ መኪናዋ አየ፣ ወደ ሽማግሌው አየ፣ ከዚያ እሱም በእግሩ ሄደ። ሌላ የሚሄድበት ነገር አልነበረውም።

ሰባኪው ያዘጋጀውን ስብከት ተወው። ስለ ትሕትና ሰበከ። ሀብት ሳያኮራቸው በእግር ስለሚሄዱ አባቶች ተናገረ፤ አቶ ዳናን በስሙ ጠራው። ሕዝቡ አሜን አለ። አቶ ዳናም ትንሽ ዘግይቶ አሜን አለ። በተመሰገነ ቁጥር አንገቱን ይደፋ ነበር፤ በደፋ ቁጥር ይበልጥ ተመሰገነ።

ድግሱ ላይ ሥጋውና የሚያቃጥለው ዳጣ ቀርቦ ሰው ሲበላ አቶ ዳና አስጠራኝ። አቶ ዘለቀ ከሩቅ አየኝና መጉረሱን አቆመ። እኔም የልጆቼን ፊት እያሰብኩ ሄድኩ።

"የአብርሃም እናት፣ ልጄን ያወረድሽው አንቺ ነሽ አሉ።"

"እኔ ነኝ።"

"ቤንዚኑ ይሸት ነበር?"

"ይሸት ነበር። ሞተሩ ላይ ነበር የሚፈሰው።"

ምሕረት ወደ ተቀመጠችበት አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ዓይኑን ጠረገና፣ ዳጣው ነው አለኝ። ገና አልቀመሰም ነበር።

"አይሱዙዎቹ ሰኞ ይመጣሉ" አለ። "አንድ ነገር ብቻ። መኪናዋ ተበላሽታ ነው ብላችሁ ለሰው አትንገሩ። ትሕትና ነው ተብሏል። ትሕትና ሆኖ ይቅር።"

እሺ አልኩት። እሱ ካረፈ ዓመታት ስላለፉና ምሕረት ራሷ ለተማሪዎቿ እየሳቀች ስለምታወራው ነው ዛሬ የምጽፈው።

ሰኞ አይሱዙዎቹ መጡ። አቶ ዘለቀ ግን ዓርብን መጠበቅ አልቻለም፤ አስቸኳይ ግምገማ ጠራ።

"ጥንካሬያችን" አለ፣ "የሚመሰገን ፖምፓ መምረጣችን ነው። ፖምፓው የተሰጠውን ተልዕኮ ከሚጠበቅበት በላይ ፈጽሟል። ድክመቱ የካርቡራተሩ ነው። የመቀበል ችግር አለበት።"

"ይመዝገብ?" አለ ስምዖን።

"ይመዝገብ።"

"መርፌዋስ?" አለ ባሳ።

"እሷም የአቅም ማነስ አለባት።"

ባሳ ተነስቶ ወደ መጋዘኑ መጣና "ያቺን ትንሿን፣ ደብዛዛዋን" አለኝ። ሰጠሁት። ግምገማው ሳያልቅ የሚያበራውን ፈትቶ ትንሹን ገጠመ። ሞተሩን አስነሳና ሳይረግጥ በራሱ እንዲሠራ ተወው፤ ልክ መዘምራንን ከኋላ እንደሚከተል መኪና። ከዚያ ኮፈኑ ላይ ተደግፎ ጠበቀ። ግምገማው ረጅም ስለነበር ጥሩ መፈተኛ ሆነ። አቶ ዘለቀ የካርቡራተሩን ድክመት ሲዘረዝር፣ ስምዖን ሲመዘግብ፣ የማሻሻያ ዕቅድ ሲወጣ፣ ቀይዋ መኪና በቀስታ ትሠራ ነበር። ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ጨርቅ ይዤ ሥሯን ዳሰስኩ፤ ደረቅ ነው።

የማሻሻያ ዕቅዱ ካርቡራተሩን ሥልጠና መላክ አልጨመረም። ስምዖን ግን አንስቶት ነበር።

ከዚያ በኋላ በዚያ መጋዘን ብዙ ዓመት ሠራሁ። ልጆቼ በአይሱዙ ብሬክና በሚኒባስ ጓርኒሲዮን ተማሩ፤ ለዚህ ምስጋናዬ ለእግዚአብሔር ነው፣ ከእሱ ቀጥሎ ለአቶ ዳና፣ ከእሱም ቀጥሎ ሴት አባል ፈልጎ ላገኘኝ ለአቶ ዘለቀ። አሁን መጋዘኑ መለዋወጫም ይሸጣል፤ የቤንዚን ፖምፓ ሊገዛ የሚመጣ ሁሉ "ጠንካራውን ስጪኝ" ይለኛል። እኔ መጀመሪያ ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ፦ ካርቡራተሩ የትኛው ነው? መኪናው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በምን ፍጥነት ነው?

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው። የፖምፓው ክንድና ቀዳዳ መግጠሙን እዩ። ከዚያ ካርቡራተሩ የሚችለውን ግፊት እወቁ፤ ከዚያ የሚበልጥ አትግጠሙ። ስትፈትኑም አሩጣችሁ ብቻ አትመለሱ፤ አቁማችሁም፣ እያንፏቀቃችሁም ፈትኑ። ትርፍ ግፊት ኃይል አይሆንም። ሞተሩ ላይ ይፈሳል።